ሳይክሎኑ ቆቦ አይደርስም፤ ዝናቡ የፈለፈለው አንበጣ ግን ደርሶብናል

ውድ የራያ ቆላ አርሶ አደሮች፣

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አላወራም። ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ስላለ፣ በሱ ላይ ትንሽ ታሪክ ላጫውታችሁ። በስልካችሁ ላይ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ነጭ ደመና ፎቶ ይመጣል። ከሥሩ «ከባድ ሳይክሎን ወደ አፍሪካ ቀንድ እየመጣ ነው» ይላል። ወዲያው ትደውላላችሁ፦ «እኛ ጋ ይደርሳል ወይ? ማሽላችንን ይጥለዋል ወይ?»

አጭሩ መልስ፦ ሳይክሎኑ ራሱ ቆቦ አይደርስም። መንገድ ላይ ይሞታል። ግን በዚህ ተጽናንታችሁ ስልኩን አትዝጉ። ሳይክሎኑ ሲሞት ጥሎት የሚሄድ ነገር አለ፤ እኛን የጎዳንም እሱ ነው። ጉዳዩን ለመረዳት ከባሕሩ እንጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ማገዶው ምንድን ነው?

ሳይክሎን ሞቃት ባሕር ላይ የሚወለድ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ተሽከርካሪ አውሎ ነፋስ ነው። አሜሪካ አካባቢ ሃሪኬን፣ ጃፓንና ፊሊፒንስ አካባቢ ታይፉን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ማገዶው የሞቀ የባሕር ውሃ ነው። የባሕሩ ገጽ ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት ይነሣል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይዞት የወጣውን ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከታች ደግሞ ሌላ እርጥብ አየር ይስባል። ምድር ስለምትዞር የሚሳበው ነፋስ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ እየተጠማዘዘ ይሽከረከራል። ባሕሩ ሙቅ እስከሆነና ከላይ ያለው ነፋስ እስካልበተነው ድረስ እሳቱ ይነዳል።

ማገዶውን ከሥሩ ብትጎትቱበትስ? ይጠፋል። ሳይክሎን ማገዶ የሚያጣው በሁለት መንገድ ነው፦ አንደኛው የብስ ላይ ሲወጣ፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲገባ።

ብርድ አገር ሲደርስስ?

ብዙ ሰው «እዚያ ብርድ አገር፣ አሜሪካ ሰሜኑ ጋ፣ አየርላንድ ጋ ሃሪኬን ደረሰ ሲሉ ሰምተናል፤ ታዲያ ብርዱ መቼ ገደለው?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

በጥቅምት 2005 ሳንዲ የተባለው ሃሪኬን ኒው ዮርክ አጠገብ ኒው ጀርሲን መታ። በጥቅምት 2010 ደግሞ ኦፊሊያ አየርላንድ ደረሰ። ሁለቱም ግን የብስ ሲነኩ የሞቃት ባሕር ሳይክሎን መሆናቸው አብቅቶ ነበር። ወደ ሰሜን ሲሄዱ የሞቀው ውሃ አለቀባቸው፤ እዚያ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር ሲጋጩ ከሚፈጠረው ኃይል ሌላ ማገዶ አገኙ። እንጨት ያለቀበት ምድጃ በኩበት እንደሚቀጥለው ማለት ነው። እሳት ነው፤ ግን ያው እሳት አይደለም። መሐሉ የነበረው ሙቀት ይጠፋል፣ ቅርጹ ይዛባል፣ ነፋሱ ብዙ አገር ላይ ይሰፋል። ጉዳቱ ላይቀንስ ይችላል። እንደ ጥንቱ ሳይክሎን ሆኖ ግን ብርድ አገር ላይ አይቆይም።

ወሰኑ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አልተከለለም። በሳተላይት መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ሳይክሎኖች ኃይላቸው ጫፍ የሚደርስበት ቦታ በየ10 ዓመቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ከምድር ወገብ እየራቀ መምጣቱን አሳይቷል። ባሕሩ ሲሞቅ ማገዶው ወደ ሩቅ ይዘረጋል።

ታዲያ ቆቦን የሚጠብቃት ምንድን ነው?

እኛን የሚጠብቀን ብርድ አይደለም። ቆቦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ናት። ባሕር ላይ ብትሆን ኖሮ ሳይክሎን የሚወለድበት ቦታ ነበር። የሚጠብቀን የብሱ ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሣ ሳይክሎን የአፋርን በረሃ ማቋረጥ አለበት። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ደግሞ ሶማሊያን፣ ኦጋዴንን፣ የሐረርጌን ተራራ ማለፍ አለበት። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ የሚጠጣው ሙቅ ውሃ የለም። መሬቱም ነፋሱን ይይዘዋል። እዚያው ይከስማል።

በክረምታችን ወራት ደግሞ ብርዱም ያግዘናል፤ ከሰሜን የመጣ ብርድ ሳይሆን ከባሕር ሥር የወጣ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሶማሊያ ዳርቻ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የላዩን ሙቅ ውሃ ይገፋና ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ያወጣል። ላይኛው ነፋስም ለሳይክሎን አይመችም። ስለዚህ የዓረብ ባሕር ሳይክሎኖች በብዛት የሚመጡት ከክረምታችን በፊት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ወይም ከክረምታችን በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ አንዱ የዘር ጊዜያችን ነው፣ ሌላው የአጨዳ ጊዜያችን ነው።

ከ1877 እስከ 2010

ሳይክሎን ወደ እኛ አካባቢ መጠጋቱ አዲስ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡበት ዘመን፣ በ1877 ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሳይክሎን የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ጠርጎ ሄደ። አውጉስታ የተባለች የጀርመን የጦር መርከብና ረናር የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ ከነሰዎቻቸው ሰጠሙ። አውሎ ነፋሱ ግን የባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ አካባቢ ሲደርስ ከሰመ። በራያ ያን ሰሞን ገበሬው ዘሩን ሲዘራ፣ ከባሕሩ የሆነውን የሚነግረው አልነበረም።

በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለ ሳይክሎን በዚያው መንገድ መጣ። ግንቦት 11 ቀን በምዕራብ ሶማሌላንድ፣ ሉግሃያ አካባቢ የብስ ነካ። ጅቡቲ ከተማ ላይ የአንድ ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ገደማ ወረደ። ሳጋር ወደ ኢትዮጵያ ድንበር እያዘገመ ደከመና በማግሥቱ አበቃለት። የዘመናችን ሳይክሎን ወደ እኛ ከተጠጋባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነው፤ ያም ሆኖ ቆቦ አልደረሰም።

በዚያው ወር ግን ሌላ ሳይክሎን ነበር። እሱ እኛን የሚመለከት አይመስልም ነበር፤ ከባሕር ማዶ፣ ዓረብ አገር ነው የወረደው። የራያን ማሽላ የበላው የዚያኛው ውጤት ነው።

መኩኑ፣ ሉባንና ሰው የሌለበት በረሃ

መኩኑ ግንቦት 17 ቀን 2010 ኦማን ውስጥ፣ ሰላላ ከተማ አጠገብ የብስ ነካ። ሰላላ በጥቂት ቀናት ውስጥ 617 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደባት። ይህ ቆቦ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ብዙም አያንስም። ከዚያ መኩኑ ወደ ውስጥ ገፍቶ ሩብ አል ኻሊ የሚባለው ታላቅ የአሸዋ በረሃ ላይ ሞተ። ሬሳው ግን ውሃ ነበር። በአሸዋ ክምሮች መካከል ሐይቅ ተኛ፤ በረሃው ለመለመ።

ጥቅምት 4 ቀን 2011 ሉባን የተባለ ሁለተኛ ሳይክሎን ምሥራቅ የመን ላይ ወረደ። መድረቅ የጀመረው በረሃ እንደገና ረጠበ።

የበረሃ አንበጣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፦ እርጥብ አሸዋ፣ ለጋ ቅጠል። ሴቷ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እርጥበት ያለው አሸዋ ስታገኝ እንቁላሏን ትቀብራለች። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ኩብኩባው ይፈለፈላል። ከ30 እስከ 40 ቀን ድረስ ክንፍ የለውም፤ ይዘላል እንጂ አይበርም። ሁኔታው ከተመቸ በሦስት ወር ውስጥ አንዱ ትውልድ 20 እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባለሙያዎች እንዳሰሉት በዚያ በረሃ ሦስት ትውልድ ተፈለፈለ። 20 ጊዜ 20 ጊዜ 20፣ 8,000 ነው። አንድ የነበረው 8,000 ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አላየም፤ መንገድ የለም፣ መንደር የለም፣ ገበሬ የለም። እናንተ ማሳችሁ ዳር አንድ ኩብኩባ ብታዩ ለቀበሌ ትናገራላችሁ። እዚያ የሚናገር ሰው አልነበረም።

በ2011 አጋማሽ መንጋው ከበረሃው ወጣ። ከፊሉ ወደ ሳውዲና ኢራን ሄደ፣ ከፊሉ የመን ገባ። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች እንደሚገባ መከላከል አልተቻለም። ከሰኔ 2011 ጀምሮ አንበጣው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ደረሰ። ከመኩኑ ቀን እስከዚያ ድረስ 13 ወር ነው።

ማዕበሉ ባሕር መሻገር አቅቶት አሸዋ ላይ ሞተ። ልጁ ክንፍ አውጥቶ ተሻገረ።

ራያ፣ ጥቅምት 2013

በ2011 ክረምት አንበጣው አፋርና ምሥራቅ አማራ ላይ ተራባ። በ2012 መኸር ወሎ ላይ ታየ። ኅዳር 27 ቀን 2012 ደግሞ ፓዋን የተባለ ሳይክሎን ሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ላይ ወርዶ፣ ለአዲስ እርባታ የሚመች ዝናብ ጨመረ። ታኅሣሥ ላይ መንጋው ኬንያ ገባ። ያኔ ለኬንያ ከ70 ዓመት፣ ለእኛና ለሶማሊያ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ወረራ ነው ተባለ።

ከዚያ የ2013 አዲስ ዓመት ገባ። የሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከየመን የተሻገረውና አፋር ላይ የተራባው መንጋ ከምሥራቅ፣ ከዞብል ማዶ መጣ። ማሽላው እሸት ይዞ፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። ጅራፍ፣ ወንጭፍ፣ ቆርቆሮ፣ ጩኸት፣ ጢስ፤ ያልተሞከረ የለም። ከከተማ ሳይቀር ሰው ወጥቶ የደረሰውን ሰብል አብሮ አጨደ። ጠዋት አረንጓዴ የነበረ ማሳ ማታ አገዳ ብቻ ሆኖ የቀረበት ሰው አለ። ከግሪሳ ወፍ ማማ ላይ ቆሞ የጠበቀውን ማሽላ በአንድ ከሰዓት ተነጠቀ።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል። በአንድ ቀን የሚበላው 35,000 ሰው ከሚበላው ጋር እኩል ነው። በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። ጩኸትና ጅራፍ ከአንዱ ማሳ ያስነሣው ይሆናል፤ የሚያርፈው ግን ጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ይህ የገበሬው ድክመት አይደለም። መንጋ ከሆነ በኋላ በእጅ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ከመኩኑ ዝናብ እስከ ራያ ጥቅምት ድረስ ቁጠሩት። 29 ወር ነው። በ29 ወር ውስጥ እንቁላሉ የተቀበረበት፣ ኩብኩባው የዘለለበት፣ ክንፉ ያልጠነከረበት ብዙ ቀን ነበር። ጉዳታችን የተወሰነው ጥቅምት ላይ አይደለም፤ እነዚያ ቀኖች ሲያልፉ ነው።

አያቶቻችን ያዩት

ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉ ቀን ከብቱን በሽታ ሲጨርሰው፣ ድርቁ ላይ አንበጣና ተምች ተጨምረው ነበር። በ1950 አንበጣ በአገራችን 167,000 ቶን እህል አጥፍቷል፤ በኩንታል 1 ሚሊዮን 670 ሺህ ማለት ነው። ይህ አንድ ሚሊዮን ሰው ዓመት የሚቀልብ እህል ነው። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አገሮቹ ተረድተውት ነበር፤ አንበጣ ድንበር ስለማያውቅ፣ አንዱ አገር ብቻውን አይከላከለውም።

በዘመናችን የተጨመረው ነገር የባሕሩ መሞቅ ነው። የዓረብ ባሕር ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሞቀ መጥቷል። ኅዳር 13 ቀን 2013፣ የራያ ገበሬ የተረፈውን እየለቀመ ሳለ፣ ጋቲ የተባለ ሳይክሎን ሶማሊያ ላይ ሐፉን አካባቢ ወረደ። በመዝገብ ከታወቁት ሁሉ ሶማሊያን የመታ ብርቱው እሱ ነው። ዝናቡም እንደገና ለአንበጣ እርባታ ምቹ ሆነ።

በልጋችንንም ይነካል

ሌላም አለ። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ፣ ማዳጋስካር አካባቢ ባለው ባሕር የሚነሡ ሳይክሎኖች በበልጋችን ወራት ነው የሚበዙት። ዱላ ሻንቆ የተባሉ የአገራችን የአየር ሁኔታ ባለሙያ ከፈረንሳዊው ፒየር ካምበርሊን ጋር ሆነው በ1990 ገደማ ባወጡት ጥናት፣ እነዚያ ሳይክሎኖች ተከታትለው በበዙበት ዓመት የኢትዮጵያ በልግ እንደሚደርቅ አሳይተዋል። ወደ እኛ ሊመጣ የሚችለውን እርጥበት ወደ ራሳቸው ይስቡታል። በልግ ሲቀር እንደ ደጋሊት ያለ ቆይቶ የሚደርስ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ያልፋል። ማዳጋስካር ዝናብ ስታገኝ እኛ ሰማይ ስናይ እንውላለን ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የሳይክሎን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ «ነፋሱ ይደርሳል ወይ» ብላችሁ አትጨነቁ። «ዝናቡ የት ወረደ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመን፣ ኦማን፣ ሶማሊያ ወይም አፋር በረሃ ላይ ከወረደ፣ ቀኑን ጻፉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የአንበጣ ማስጠንቀቂያ ሲነገር በደንብ አዳምጡ። «ሳይክሎን ነገ ወሎን ይመታል» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ ግን አታስተላልፉት።

ሁለተኛ፣ እርጥብ አሸዋ እዩ። ጎርፍ የተኛበት የጎሊናና የሆርማት ዳርቻ፣ አሸዋማ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆቻችሁን ኩብኩባ ምን እንደሚመስል አሳዩአቸው። ተሰብስቦ በአንድ አቅጣጫ የሚዘል ክንፍ አልባ ነገር ካዩ፣ በዚያው ቀን ለልማት ሠራተኛ ወይም ለቀበሌ ይነገር። ያን ጊዜ ገና ጊዜ አለን። ክንፍ ካወጣ የለንም።

ሦስተኛ፣ መንጋ ከመጣ ማታ የት እንዳደረ ተናገሩ። አንበጣ እንደ ሳይክሎኑ ሙቀት ይወዳል፤ ማታ ያርፋል፣ ጠዋት ፀሐይ እስክታሞቀው አይነሣም። ርጭት የሚሠራው በዚያ ሰዓት ነው። ስልካችሁ ከጅራፋችሁ በላይ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ ርጭት ከመደረጉ በፊት ንብ ያላችሁ ቀፎውን አሽሹ ወይም ባለሙያው በሚነግራችሁ መሠረት ሸፍኑ። ከብት ወደ ተረጨ ሣር አትልቀቁ። መድኃኒት የነካውን አንበጣ ሰውም ዶሮም አይብላው።

አምስተኛ፣ መንጋ በአቅራቢያ ወረዳ መታየቱ ከተነገረና ሰብላችሁ ከደረሰ፣ ነገ አትበሉ። በደቦ ሆናችሁ እጨዱ። በ2013 ቀድሞ የታጨደው ተርፏል።

ውድ አርሶ አደሮች፣ በ1877 ባሕሩ ላይ የሆነውን ለራያ ገበሬ የሚነግረው አልነበረም። በ2010 ወሬው ስልካችን ላይ ነበር፤ ግን «ዓረብ አገር ነው» ብለን አለፍነው። እኔም አልፌዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሩቅ በረሃ ላይ ዝናብ ወረደ ሲባል፣ ከዚያች ቀን ጀምረን አብረን እንቁጠር።

ይህን ስማርት ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። እሸት ያሳያችሁ፤ ያየነውንም በደህና ጎተራ ያግባልን።